41 ወረቀት፣ አንድ መግቢያ

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ፤ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። አምስት ክፍል አለኝ፤ በእያንዳንዱ 68 ተማሪ ገደማ ይቀመጣል። ባለፈው ወር ስለ ድርሰት አጻጻፍ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተማርኩ። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ፣ ኃይለ ቃል፣ አስተዋጽኦ፣ አንድም ሳላስቀር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ እነሱም ገለበጡ። ስጠይቃቸው በቃላቸው ይመልሱልኛል። ከዚያ «የትምህርት ጥቅም» በሚል ርእስ አንድ ገጽ ተኩል ጽፈው እንዲመጡ አዘዝኩ። በአንዱ ክፍል ብቻ 41 ልጆች «ትምህርት ማለት የእድገት መሠረት ማለት ነው» ብለው ጀምረዋል። የቀረው ከላይ እስከ ታች የተዘረገፈ አሳብ ነው፤ አንቀጽ የሚባል ነገር የለውም። ጥቂቶቹ ከቴሌግራም ቃል በቃል ገልብጠዋል። ሦስት ቅዳሜና እሑድ ሳርም ከረምኩ፤ ወረቀቱን ስመልስላቸው ማርኩን አይተው፣ አጥፈው ደብተራቸው ውስጥ ከተቱት። የትምህርት ክፍል ኃላፊዬን ባማክረው «ፈተና ላይ ድርሰት አይመጣም፤ ጊዜሽን ሰዋስው ላይ አውይው» አለኝ። ለመሆኑ ድርሰት በትምህርት የሚመጣ ነገር ነው? ወይስ ተሰጥኦ ላለው ብቻ ነው?

የአማርኛ መምህርት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ዓይኔ የቆመው «ስጠይቃቸው በቃላቸው ይመልሱልኛል» ያልሽው ላይ ነው። ልጆችሽ የድርሰትን ክፍሎች በስም ያውቃሉ ማለት ነው። ማገር፣ ወጋግራ፣ ምሰሶ እያለ የሚቆጥር ልጅ ግን ጎጆ መቀለስ ይችላል ማለት አይደለም፤ አንድ ጊዜ እንኳ ጭቃ ረግጦ፣ ማገር አስሮ ካላየ ስሙ ስም ሆኖ ይቀራል። እኔም ጡረታ እስክወጣ 31 ዓመት አማርኛ ሳስተምር የመጀመሪያዎቹን ሰባት ስምንት ዓመታት ያሳለፍኩት እንዳንቺው ስሞቹን በማስገልበጥ ነው። የምነግርሽም ልጆች ፊት ቆሜ ቀስ በቀስ ያረምኩትን የራሴን ስሕተት ነው።

በመጨረሻ ያነሣሽውን አስቀድሜ ልመልስ። ድርሰት በትምህርት ይመጣል። ግጥምና ልብ ወለድ ተሰጥኦ ይጠይቁ ይሆናል። አንድን አሳብ ይዞ፣ ምክንያቱን ሰጥቶ፣ ሌላው ሰው እንዲገባው አድርጎ በሁለት ገጽ ማስፈር ግን እንደ ስፌት ያለ የእጅ ሙያ ነው። አንዷ ቶሎ ትይዘዋለች፣ ሌላዋ ትዘገያለች፤ እጇን ያፍታታች ሁሉ ግን ትደርስበታለች።

እስቲ ከርእሱ እንነሣ። «የትምህርት ጥቅም» የሚለው ርእስ ልጁን ምንም አይጠይቀውም። ትምህርት አይጠቅምም ብሎ የሚከራከረው ሰው በሌለበት ማንን ያስረዳ? ስለዚህ በሰልፍ ላይና በሬዲዮ የሰማውን ይደግምልሻል። 41ዱ ልጆች የተመካከሩ እንዳይመስልሽ፤ ያንን ዓረፍተ ነገር ከአፋቸው ያወጣው ርእሱ ራሱ ነው። «ሰላም»፣ «ውሃ»፣ «የአካባቢ ጥበቃ» ብትያቸውም «…ማለት …ማለት ነው» ብለው ይጀምሩልሻል።

ርእስ ስትሰጪ በጥያቄ መልክ ስጪ፤ ያውም ክፍሉን ለሁለት የሚከፍል ጥያቄ ይሁን። እኔ ዘንድ በየዓመቱ የሚሠራልኝ «የጠዋት ፈረቃ ይሻላል ወይስ የከሰዓት?» የሚለው ነበር። ሁሉም ልጅ ኖሮታል፤ ሁሉም የሚለው አለው። «ባጃጅ በከተማችን ዋና መንገድ ይግባ ወይስ ይከልከል?» እና «እኅትና ወንድም ባሉበት ቤት እንጀራ መጋገር የማን ሥራ ነው?» የሚሉትም ክፍሉን ያሞቁታል፤ ሁለተኛው እንዲያውም ደወል ከተደወለ በኋላም ሜዳ ላይ ይቀጥላል። ሌላው ጥቅሙ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ለእነሱ ሰፈር የተጻፈ መልስ አለመኖሩ ነው። ይህ የመገልበጡን ችግር በግማሽ ያቃልልሻል። የቀረውን ግማሽ የሚያቃልለው ክፍል ውስጥ፣ ዓይንሽ እያየ ማስጻፍ ነው። ስልኩ ራሱ በአንድ ደቂቃ ድርሰት ደርሶ የሚሰጥበት ዘመን ላይ ደርሰናልና የቤት ሥራ ሆኖ ለሚመጣ ድርሰት ማርክ ባትሰጪ እመርጣለሁ።

ቀጥሎ፣ አንድ ገጽ ተኩል ብለሽ አትጀምሪ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አንድ አንቀጽ ብቻ አስጽፊ፤ ከአምስት እስከ ሰባት ዓረፍተ ነገር። ሙሉ ድርሰት የሚጽፉት አንቀጽ ከእጃቸው ከገባ በኋላ ይሁን። ቃሉንም ራሱን አስተምሪበት። «አንቀጽ» በግእዝ በር ማለት ነው፤ እመቤታችን «አንቀጸ ብርሃን» ስትባል የብርሃን በር መባሏ ነው። አንድ በር ወደ አንድ ክፍል ያስገባል። ኃይለ ቃሉ፣ የአንቀጹን አሳብ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር፣ በሩ ነው፤ ገብቼ የማገኘው ሁሉ በሩ ላይ የተነገረኝ መሆን አለበት። እኔ እንዲህ ብዬ ስነግራቸው ነበር «አንድ አንቀጽ አንድ አሳብ» የሚለው ሕግ የገባቸው። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ራሳቸው የጓደኛቸውን ወረቀት እያነበቡ «ይሄ ሌላ በር ነው» መባባል ጀመሩ።

አሁን አንድ ነገር በቅርብ ላሳይሽ። አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ከፊት ጥግ የምትቀመጥ፣ ካልጠሯት የማትናገር። ስለ ፈረቃ የጻፈችው የመጀመሪያ አንቀጽ ይህን ይመስል ነበር፦

«ፈረቃ ማለት ተማሪዎች በተለያየ ሰዓት የሚማሩበት ዘዴ ማለት ነው። ፈረቃ ጥቅምም ጉዳትም አለው። የጠዋት ፈረቃ ጥሩ ነው ምክንያቱም አየሩ ቀዝቃዛ ነው። በተጨማሪም የከሰዓት ፈረቃ ጥሩ ነው ምክንያቱም እንቅልፍ ይጠገባል። በመሆኑም ተማሪዎች ጠንክረው መማር አለባቸው።»

ሰዋስው ብትፈልጊበት ይህ ነው የሚባል ስሕተት የለውም። በቀይ እስክሪብቶ የሚከበብ ፊደልም የለም። ልጅቱ ግን ውስጡ የለችም። በዕረፍት ሰዓት ወረቀቱን ይዤ ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አንቺ የትኛውን ትመርጫለሽ?»

«የከሰዓቱን።»

«ለምን?»

ዝም አለች።

«ጠዋት ምን ትሠሪያለሽ?»

«ውሃ እቀዳለሁ። ቦኖ።»

«ስንት ሰዓት ትወጫለሽ?»

«12 ሰዓት። ወረፋ ስላለ አንዳንዴ እስከ 2 ሰዓት ተኩል እቆያለሁ።»

«ጠዋት የምትማሪ ብትሆኚስ?»

«አምና ጠዋት ነበርኩኮ። አንደኛው ክፍለ ጊዜ ያልፈኝ ነበር።»

«በይ እሱን ጻፊልኝ» አልኳት። በማግስቱ ይህን ይዛ መጣች፦

«ለእኔ የከሰዓት ፈረቃ ይሻለኛል። ቤታችን ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ፤ ቦኖው የሚከፈተው ደግሞ ጠዋት ብቻ ነው። 12 ሰዓት ሄጄ ብሰለፍም ሁለቱን ጀሪካን ሞልቼ ቤት የምገባው አንዳንድ ቀን 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አምና የጠዋት ተማሪ ስለነበርኩ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጠኝ ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚያመልጠኝ ሒሳብ ነው። ዘንድሮ ግን ውሃውን ቀድቼ፣ ቁርሴን በልቼ፣ የቤት ሥራዬን ጨርሼ እመጣለሁ።»

በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ምንም ሕግ አላስተማርኳትም። የጠየቅኳት ሦስት ነገር ነው፦ አንቺስ ምን ትያለሽ? ለምን? ከምን ታውቂያለሽ? መልሶቹ ሲደረደሩ ቅርጹ በራሱ መጣ። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር የልጅቱን አቋም ትናገራለች፤ ሁለተኛዋ ምክንያቱን፤ ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋና አምስተኛዋ ማስረጃውን፤ የመጨረሻዋ ደግሞ ዘንድሮ የተለወጠውን። አንዷን አውጥተሽ ብትጥያት አንቀጹ ይጎድላል። በመጀመሪያው ወረቀት ግን የፈለግሽውን ዓረፍተ ነገር ብትሰርዢ ማንም አያስተውልም። ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ነው «ይህቺ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገርሽ ኃይለ ቃል ትባላለች» ያልኳት። ስም ከነገሩ ኋላ ሲመጣ ይጸናል። አንቺ ሁለቱን ክፍለ ጊዜ በስም ጀምረሽ ነው ነገሩ የተንሸራተተብሽ።

«68 ልጅ አጠገብ ደረጃ ላይ እንዴት ልቀመጥ?» ትይኝ ይሆናል፤ ልክ ነሽ። እኔም አልቻልኩም። ያደረግኩት ጥያቄዎቹን ለልጆቹ መስጠት ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። አንዷ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ በአፏ ትመልሳለች፤ ጠያቂዋ የሰማችውን በአጭር በአጭሩ እየጻፈች አሥር ደቂቃ ሲሞላ ወረቀቱን ለባለቤቷ ትሰጣለች። «ለምን?» የሚለው ሦስት ጊዜ መጠየቅ አለበት፤ የመጀመሪያው «ለምን» ሁልጊዜ ከሌላ ሰው የተዋሱትን መልስ ነው የሚያመጣው። ከዚያ ሚና ይለዋወጣሉ። «መጻፍ አልችልም» የሚል ልጅ የራሱን ንግግር በጓደኛው እጅ ተጽፎ ሲያገኘው የሚጻፍ ነገር እንዳለው ያያል። ባዶ ወረቀት ላይ ማፍጠጥ ቀረለት ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ ሥራው ማስተካከል ብቻ ነው።

ይህን የምልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆቻችን በአፍ ሲከራከሩ ቅርጽ አይጠፋቸውም። አብዛኞቹ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ በደሉን የሚያስረዳ ጎረቤት ሲናገር ሰምተዋል፤ ሰውየው ከየት እንደሚነሣና ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። በድሮው ችሎት «በላ ልበልሃ» ሲባል ተሟጋቹ በግጥም ተንደርድሮ፣ ነገሩን ዘርዝሮ፣ ማስረጃውን ቆጥሮ ዳኛውን ፍርድ ይጠይቅ ነበር። «ተጠየቅ ልጠየቅ» ተባብሎ መሟገት ያስለመደ ሕዝብ ልጆች ናቸው። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ እያልን እንደ አዲስ ነገር የምናስገለብጣቸው በቤታቸው ያለውን ነው። ስለዚህ ከመጻፋቸው በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ አሟግቻቸው። አንድ ሕግ ብቻ አኑሪ፦ ማንም ተከራካሪ መልስ ከመስጠቱ በፊት «አንተ ያልከው እንዲህ ነው» ብሎ የባላጋራውን አሳብ መድገም አለበት፤ ባላጋራውም «አዎ፣ ያልኩት እሱን ነው» ካላለ መናገር አይፈቀድለትም። መጀመሪያ ላይ ይታገላሉ፤ ሌላው ያለውን አልሰሙትምና። አመዛዛኝ ድርሰት ላይ ልጆች የሚዘሉት ያችን የባላጋራ አንቀጽ ነው፤ በዚህ መንገድ ግን ከመጻፋቸው በፊት በአፋቸው ይዘዋት ይመጣሉ።

ወደ አስተዋጽኦ፣ ማለትም ከመጻፍ በፊት ወደሚዘጋጀው የአሳብ ንድፍ፣ ስትደርሺ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ቃሉ ራሱ ልጆቹን ያደናግራል፤ «አስተዋጽኦ ማድረግ» ከሚለው ውጭ አይመጣላቸውም፤ ከከበዳቸው «ቢጋር» በያቸው። ዋናው ችግር ግን የሚያዘጋጁት ነገር ነው። «1. መግቢያ፣ 2. ጥቅሙ፣ 3. ጉዳቱ፣ 4. መደምደሚያ» ብለው ይሰጡሻል። ይህ ቢጋር ለፈረቃም፣ ለባጃጅም፣ ለቡናም ይሆናል፤ ለሁሉም የሚሆን ከሆነ ለአንዱም አልተዘጋጀም። የእያንዳንዱን አንቀጽ አሳብ በሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከነማሰሪያ አንቀጹ (ዓረፍተ ነገሩን ከሚዘጋው ግስ ጋር) እንዲጽፉ አስገድጃቸው። የዚያች ልጅ ቢጋር ኋላ ላይ እንዲህ ሆኖ ነበር፦ «የከሰዓት ፈረቃ የቤት ሥራ ለሚበዛባት ልጅ ይሻላል። ጠዋት አእምሮ ንቁ ነው የሚባለው እውነት ቢሆንም ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቆማ የመጣችን ልጅ አይመለከትም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ፈረቃ ከመደልደሉ በፊት ተማሪዎቹን ይጠይቅ።» ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ከላይ ወደ ታች ስታነቢያቸው ራሳቸውን የቻሉ አጭር ክርክር ናቸው። ልጁ ቢጋሩን ለጓደኛው ጮክ ብሎ ያንብብለት፤ ጓደኛው «ከዚያስ?» ብሎ ከጠየቀ ወይም «ይሄ ከየት መጣ?» ካለ ያኔውኑ ይስተካከላል። ቢጋር ማስተካከል ሦስት መስመር ነው፤ ድርሰት ማስተካከል ሦስት ገጽ ነው።

ስለ ቅደም ተከተል የሚያስተምር እንደ መቀስ ያለ ነገር አላገኘሁም። ካለፉት ዓመታት ተማሪዎች የአንዱን ጥሩ ድርሰት ስሙን አጥፍተሽ በንጹሕ እጅ ጻፊው፤ በአሥር ያህል ቅጂ አባዢና ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ቆርጠሽ በየፖስታው ክተቺ። ሰባት ሰባት ሆነው ይቀመጡና ያስተካክሉት። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ይንጫጫ። ያን ጊዜ ዞር ዞር ብለሽ ብትሰሚ «ይሄ ‹ይህ› የሚለው ምንን ነው?»፣ «‹ግን› ካለ ከፊቱ የሚቃረነው ነገር መኖር አለበት» ሲባባሉ ትሰሚያለሽ። አንድ ወር ሙሉ ብታስተምሪ የማትነግሪያቸውን እርስ በርስ ይነጋገራሉ። እኔ አንድ ባዕድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬ እደባልቅ ነበር፤ በርእሱ የሚሄድ፣ በአሳቡ የማይሄድ። የትም አልገባ ሲላቸው «ጋሼ፣ ይቺ ትርፍ ናት» ብለው ያመጡልኛል። የአሳብ አንድነትን ያስተማርኩት በዚያች ወረቀት ነው።

መግቢያውን በመጨረሻ ያስጽፏቸው የሚሉ አሉ፤ እኔም እስማማለሁ። ቤቱ ሳይሠራ እንግዳ አይጠራም። «…ማለት …ማለት ነው» ብሎ መጀመርን ለአንድ ሴሚስተር ከልክይ፤ «ከላይ እንደተጠቀሰው» ብሎ መጨረስንም እንዲሁ። መግቢያው ሰውን ወደ ቦታው ይውሰድ፤ ልጅቱ ድርሰቷን የጀመረችው ቦኖው ጋ ከተሰለፉት ጀሪካኖች ነበር። መደምደሚያው «ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚለው ይመልስ። ስለነዚህ ሁለቱ ከዚህ በላይ ጊዜ አታጥፊ፤ መካከሉ ከተስተካከለ ዳርና ዳሩ አይቸግርም።

አያያዥ ቃላት ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ እኛ መምህራን ራሳችን ልጆቹን እንጎዳለን። «በተጨማሪም፣ በመሆኑም፣ ይሁን እንጂ፣ ከዚህም ባሻገር» እያልን ዝርዝር እናስገለብጣለን፤ እነሱም እንደ በርበሬ ይነሰንሱታል። የልጅቱን የመጀመሪያ አንቀጽ ተመልሰሽ እዪው፤ «በተጨማሪም» ብላ የጨመረችው ነገር የለም፤ ከፊቱ ካለው ጋር የሚጋጭ ነው ያመጣችው። «በመሆኑም» ያለችውም ከምንም አልተነሣም። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ደግሞ ከዝርዝሩ አንድም ቃል የለም፤ «ብሰለፍም»፣ «ስለነበርኩ»፣ «ግን» ነው ያለው። አማርኛ ብዙውን ማያያዣ በግሱ ውስጥ ይዟል፤ «ስለ»፣ «ብ…ም»፣ «እየ» ሥራቸውን ከሠሩ ዝርዝሩ አያስፈልግም። ዝርዝሩን ከሰሌዳ ላይ አጥፊውና አያያዡን ሸፍነሽ «እዚህ ምን ይገባል? ለምን?» ብለሽ ጠይቂ።

ከዚሁ ጋር የቦዝ አንቀጽ (ዓረፍተ ነገሩን የማይዘጋው ግስ) ነገር አለ። «ሄጄ፣ ተሰልፌ፣ ቀድቼ፣ ተመልሼ፣ እናቴም ታማ፣ ሐኪም ቤት ወስደናት…» እያለ ግማሽ ገጽ የሚሄድና ማሰሪያ አንቀጹ የሚጠፋበት ዓረፍተ ነገር ሁሉም መምህር ያውቀዋል። መሐል ላይ አድራጊው ተለውጧል፤ ልጁ አላስተዋለም። እኔ የምሰጣቸው ምክር አንድ ነው፦ አድራጊው ሲለወጥ አራት ነጥብ አድርግ። ሁልጊዜ ትክክል ነው አልልም፤ ለ10ኛ ክፍል ግን ከአሥሩ ዘጠኙን ያድናል። ሌላው መድኃኒት ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ትንፋሽ ያጠረበት ቦታ ላይ ያልተዘጋ ዓረፍተ ነገር አለ።

አሁን ወደ እርማቱ እንምጣ፤ ሦስት ቅዳሜና እሑድ የበላብሽ እሱ ነውና። በአምስት ክፍል 340 ደብተር ነው። አንድ ገጽ ተኩሉን ሁሉ ላርም ካልሽ ወይ ትታመሚያለሽ ወይ ድርሰት ማስጻፍ ትተያለሽ፤ ብዙ ጓደኞቼ ሁለተኛውን መርጠዋል፤ አልፈርድባቸውም። እንዲህ አድርጊ። በየሳምንቱ ሁሉም አንድ አንቀጽ ይጻፍ፤ አንቺ ግን ከየክፍሉ 17 ደብተር ብቻ ሰብስቢ። በወር ሁሉም አንድ ጊዜ ይደርሳቸዋል። በሳምንት 85 አንቀጽ ነው፤ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ብትሰጪ አራት ሰዓት ከሩብ። ቀላል ነው አልልሽም፤ ግን የሚዘለቅ ነው። የቀሩት 51 ልጆች በዚያ ሳምንት አንባቢያቸው የወንበር ጓደኛቸው ይሁን።

ስታርሚም በአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ እዪ። በዚህ ሳምንት ኃይለ ቃሉ አቋም ይናገራል ወይ፤ በሚቀጥለው ማስረጃው የታየ፣ የተቆጠረ፣ የተሰማ ነገር ነው ወይ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ተቀላቅሎ ብታይም በዚያ ሳምንት እለፊው፤ ለፊደላቱ ለብቻው አንድ ክፍለ ጊዜ ስጪያቸው። ወረቀቱ ሁሉ በቀይ ሲከበብ ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ ሲጽፉ ያስቀጣል። በሚቀጥለው ጊዜ የሚያውቃቸውን ቃላት ብቻ፣ በአጭር በአጭሩ ጽፎ ይገላገልሻል።

ወረቀቱን አጥፈው ስለ ከተቱት ልጆች ያልሽው በጣም ገብቶኛል፤ እኔንም ለዓመታት ያሳዘነኝ ነገር ነው። ግን ማርክ ማለት አለቀ ማለት ነው፤ ያለቀ ነገር ደግሞ ይታጠፋል። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ማርክ አትጻፊ። ከሥሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፊበት፤ «ስንት ጊዜ አመለጠሽ?»፣ «ይህን ማን ነገረህ?»፣ «እናትህ በዚህ ትስማማለች?» የሚል። ማርኩ የሚሰጠው ጥያቄው ተመልሶ እንደገና ለተጻፈው ነው። ያን ጊዜ ወረቀቱ ከደብተር ውስጥ ይወጣል።

የኃላፊሽን ነገር አትናቂው። ያለውም እውነትነት አለው፤ ፈተናው ምርጫ ነው፤ ልጆቹ ፊደል ይመርጣሉ እንጂ አንቀጽ አይጽፉም። አትጣዪው፤ በሱ ቋንቋ አስረጂው። ፈተናው ላይ አንብቦ መረዳት አለ፤ «የአንቀጹ ዋና አሳብ የትኛው ነው?» ይላል። አንቀጽ ሠርቶ የሚያውቅ ልጅ የሌላውን አንቀጽ በር ወዲያው ያገኘዋል፤ ሠርቶ የማያውቀው አራቱንም ምርጫ እያነበበ ይዋልላል። ዓረፍተ ነገሮችን በቅደም ተከተል አስተካክሉ የሚል ጥያቄ ሲመጣም በመቀስ የተጫወተው ልጅ አይደነግጥም። ሰዋስውም ቢሆን አይቀርም፤ የቦዝንና የማሰሪያን ነገር ከራሳቸው ዓረፍተ ነገር ላይ ስታሳያቸው ከመልመጃው በላይ ይገባቸዋል። ማርኩን ከተከታታይ ምዘናው ላይ አውጪለት፤ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አልጠየቅሽምና እምቢ የሚልበት ምክንያት ያንሰዋል።

የእንግሊዝኛ መምህሩንም ሻይ ጋብዘሽ አነጋግሪው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ልጆቹ ሌላውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡም ሪፖርቱን በዚያው ቋንቋ ይጽፋሉ። እሱ ቶፒክ ሴንተንስ የሚለው አንቺ ኃይለ ቃል የምትይው መሆኑን ልጆቹ የሚያውቁት ሁለታችሁ ስትነግሯቸው ነው። በአፍ በፈቱበት ቋንቋ አሳቡን ማደራጀት የለመደ ልጅ በእንግሊዝኛ የሚቸግረው ቃሉ ብቻ ነው፤ በአማርኛ ያልለመደው ግን ቃሉም አሳቡም በአንድ ጊዜ ይከብዱታል።

ሰኞ ስትገቢ እንግዲህ መግቢያ፣ ሐተታ የሚለውን ተይው። ሰሌዳው ላይ «የጠዋት ፈረቃ ይሻላል ወይስ የከሰዓት?» ብለሽ ጻፊና ጠመኔውን አስቀምጪ። ለሁለት ይከፈሉ፤ ይከራከሩ፤ ሩብ ሰዓት ሲቀር ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጠያየቁ። በመጀመሪያው ሳምንት የምትሰበስቢያቸው 17 አንቀጾች ከቀድሞው ብዙም ላይሻሉ ይችላሉ፤ «ማለት… ማለት ነው» አሁንም ይኖራል። አትዘኚ፤ ጥያቄሽን ከሥሩ ጽፈሽ መልሺ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ከአንዱ ደብተር ውስጥ እንደዚያች ልጅ ጀሪካን ያለ፣ ከዚያ ቤት ብቻ ሊመጣ የሚችል ነገር ታገኛለሽ። ያን አንቀጽ ስም ሳትጠሪ በአምስቱም ክፍሎች ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ከዚያ ልጁን አስፈቅደሽ ለእኔም ላኪልኝ።